የባሌን ድምፅ ተስዬ ነበር

ሐኪሙ የቀዶ ጥገናውን ቀን ሰኞ አለን። ጨረሩ ዕጢውን አላጠፋውም፤ የባሌ ማንቁርት ጨርሶ መውጣት አለበት። ከዚያ በኋላ አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ይተነፍሳል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሄዳል፤ አይናገርም። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ የምትመልስልን ልጃችን ናት። «አይናገርም» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። አባቷ ግን በእንግሊዝኛው ቀድሞ ሰምቶት ነበር።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ክርክሩን ሁሉ እናትሽ አሸነፈች» አላት በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ።

ልጄ እያለቀሰች ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ያ ድምፅ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በእኔ አፍ ተሰጥቷል።

ዲቪ ደርሶን አሜሪካ በመጣን በሁለተኛው ዓመት ልጄን ማጅራት ገትር ያዛት። ስድስት ዓመቷ ነበር። በሁለተኛው ቀን ዓይኗን መግለጥ አቆመች። ባሌ ያን ጊዜ በሥራ ቀን ፓርኪንግ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሁድ ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት መንገድ ላይ፣ ይዘፍናል። አዲስ አበባም ሆቴል ውስጥ ጊታር እየመታ የሚዘፍን ሰው ነበር። የወደድኩትም ሲዘፍን አይቼ ነው፤ አልደብቅም። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተጠግቼ ተንበረከክሁና እመቤታችንን ለመንኳት። የምሰጣት ነገር ፈለግሁ። ወርቅ አልነበረኝም። በቤታችን ካለው ሁሉ የሚበልጠው ምን እንደሆነ ግን አውቅ ነበር።

«ልጄን ስጪኝ፤ አባቷ ዳግመኛ አይዘፍንም» አልኳት።

ሰው ጧፍ ይሳላል፣ ጥላ ይሳላል፣ መጋረጃ ይሳላል። እኔ የሰው ጉሮሮ ተሳልኩ።

በሦስተኛው ቀን ልጄ ውሃ ጠየቀች።

ለባሌ የነገርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አልተቆጣም። ልጃችንን አየ፣ እኔን አየ፣ «እሺ» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልዘፈነም። ፂሙን ሲላጭ እንኳ አያንጎራጉርም። በልጃችን ልደት እኛ ስንዘፍን እሱ ያጨበጭባል። የዘፈነበት ካሴት የለም፤ ሆቴል የሚዘፍነውን ማን ይቀዳዋል። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የምሰማው እሁድ ቅዳሴ ላይ ብቻ ነበር፤ ሕዝቡ ሲመልስ። በወንዶቹ በኩል ከቆመው ሰው ሁሉ መካከል እለየዋለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ቅዳሴውን ትቼ እሱን የሰማሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጊታሩን ግን አልተወም። «የተሳልሽው አፌን ነው፤ እጄን አልነካሽውም አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። አልነካሁትም አልኩ።

በዚያው ጊታር ነው ወዳጁን ያገኘው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ፓርኪንጉ በር ላይ ባለችው የሒሳብ መቀበያ ቡዝ ውስጥ ተቀምጦ ይመታል። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ መኪናውን ፓርክ ሊያደርግ መጣ፤ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ሰማ። ከሸሚዝ ኪሱ ሃርሞኒካ አውጥቶ ይነፋ ጀመር። ከኋላው የቆሙት መኪኖች ክላክስ እየነፉ ሁለቱ አንድ ዘፈን ጨረሱ። ይህ ከሆነ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። ሽማግሌው ዕድሜውን ሁሉ ብሉዝ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፌርፋክስ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ይጫወታሉ። ሽማግሌው ይዘፍናል፣ ባሌ ይመታል። የሰፈሩ ልጆች ሁለቱንም «ጋሼ» ስለሚሏቸው፣ እነሱም እርስ በርሳቸው «ጋሼ» ተባባሉ።

እኔ ብሉዝን የመጠጥ ቤት ሙዚቃ አድርጌ ነበር የማየው። አንድ ቀን ባሌ አስረዳኝ። ሰውዬው የጨነቀውን አንድ ስንኝ ይላል፤ ያንኑ ይደግመዋል፤ በሦስተኛው ለራሱ መልስ ይሰጣል። አንዱ ዙር ይኸው ነው።

«ሁለቴ መድገም ምን አላት» አልኩት፤ «እኛ እግዚኦ ስንል አርባ አንድ ጊዜ ነው።»

«ለዚህ ነው እግዜር መልስ የማይሰጥሽ፤ ፋታ አትሰጪውም» ብሎ ሳቀብኝ።

የሐኪሙን ቀን ከሰማን በኋላ ሽማግሌው ቤታችን መጣ። ወንበር ሳይስብ ተናገረ።

«ጋሼ፣ አልበም እንቀዳለን። ስቱዲዮ አይደለም። እዚያ ደጋግሞ መቅዳት ጊዜ ላለው ሰው ነው። ሰው ፊት ቁጭ ብለን፣ አንድ ጊዜ፣ እንደወጣ።»

«ጉሮሮዬን እያየህ?»

«አንተ ጉሮሮ የለህም፣ እኔ ሳንባ የለኝም፤ ተደምረን አንድ ሰው አንሞላም? ደግሞ ያ ድምፅህ ገና አሁን ነው ለብሉዝ የደረሰው። አንዷን እንኳ ዝፈን።»

ባሌ ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌው ስለ ስለቱ አያውቅም፤ ይህን ሁሉ ዓመት ባሌ ዓይን አፋር ይመስለው ነበር።

ቀረጻው ለሐሙስ ሆነ፤ ከቀዶ ጥገናው አራት ቀን በፊት። የምግብ ቤቱ ባለቤት ቤቱን ሰጠችን። ፍልሰታ ስለነበር ገበያው ቀዝቅዟል፤ ከምሳ በኋላ ባዶ ነው።

እኔ ሆም ኬር ነው የምሠራው፤ ፓልምስ የሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት እጠብቃለሁ። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ለነፍስ አባቴ ደወልኩ። ይፍቱኝ አባ ብዬ ሁሉን ነገርኳቸው።

«ስትሳይ ጠይቀሽዋል?» አሉኝ።

«ከተሳልኩ በኋላ ነው የነገርኩት።»

«የራስሽን እግር ብትሳይ ያንቺ ነው፤ በእግርሽ ሄደሽ ትሳለሚያለሽ። የሰውን ጉሮሮ ማን ሰጠሽና ነው የምትሳይው?»

ሌሊት የሚያንቀኝን ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ የታመመው በዚያ ነው? የሰጠኋትን ወሰደችው?»

«ተይ!» አሉ። ሲቆጡኝ የመጀመሪያቸው ነው። «እመቤታችን ከሰው አንገት ቆርጣ አትወስድም። ይህ ነገር ዳግመኛ ከአፍሽ እንዳይወጣ። ባልሽ ነፃ ነው፤ ንገሪው። አንቺ እስከ ጾሙ መፍቻ በየቀኑ አርባ አንድ ስገጂ።»

«ጾም ነው እኮ አባ፤ ዘፈን...»

«ዝፈንም አትዝፈንም አላልኩትም። ያሰርሽውን ፍቺ ነው ያልኩሽ።»

ቤት ስደርስ ባሌ ወጥ ቤት ተቀምጦ አጥሚት ይጠጣል። የሚወርድለት እሱ ብቻ ነበር። ማንኪያውን እንኳ እስኪያስቀምጥ አልጠበቅሁም።

«አባ ነፃ ነህ ብለዋል።»

«ከምኑ?»

«ከስለቱ። ሳልጠይቅህ የተሳልኩት ነው፤ አልነበረብኝም። ይቅር በለኝ።»

አጥሚቱን ማማሰል ያዘ።

«ብትጠይቂኝ እምቢ እል ነበር?»

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አንቺማ አንድ ቀን ተናግረሽ ሄድሽ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ያንቺ አይደለም፤ አሁን የኔ ነው። በሦስተኛው ቀን ውሃ አልጠየቀችም?»

«ጠየቀች።»

«እንግዲያ እኔ እሱን አልነካም። ብነካው ደግሞ ልጄ አንድ ነገር ብትሆን? ያለ ጉሮሮ መኖር እችላለሁ።»

«ሰኞ ድምፅህ የለም! ልጅህ ያንተን ዘፈን አታስታውስም። አንዴ፣ አንዲት ዙር!»

«አንቺ ሴትዮ፣ አጥሚቱ ቀዘቀዘ» አለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት የባሌን አፍ የጠበቅሁ ሴት፣ በእመቤታችን ጾም ዝፈን እያልኩ መለመን ጀመርኩ። ጠዋት ለመንኩት። ከሥራ ስመለስ ለመንኩት። እሰግዳለሁ፣ እነሣለሁ፣ እለምነዋለሁ። ጉልበቴ አበጠ። እሱ ይሰማኝና «እሺ፣ ሰማሁ» ይለኛል። መስማቱ ብቻ ነው። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አንዴ የተሰጠ አይነካም ብዬ ያሳመንኩት እኔ ነኝ። አባ የፈቱትን እኔ መፍታት አቃተኝ።

ረቡዕ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆመን ሁሉንም በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«አያቴ ይህን ሙዚቃ የሰይጣን ነው ብላ ከቤት አስወጥታኛለች» አለኝ። «እሷና አንቺ ብትገናኙ ኖሮ ዓለም ጸጥ ይል ነበር።» ቀጥሎ ፊቱ ተለወጠ። «ስሚ እህቴ። የመጨረሻው ዘፈን ላይ አንድ ዙር ባዶ እተውለታለሁ። ከገባ ገባ። ካልገባ የኔም ያንቺም አይደለም።»

ሐሙስ ባሌ ከሽማግሌው ጋር ቀድሞ ሄደ። እኔን ልጄ ልትወስደኝ ከኖርዝ ሆሊውድ መጣች። መንገድ ላይ ነገርኳት። ስለቱን ሰምታ አታውቅም ነበር። ዳር ይዛ መኪናውን ፓርክ አደረገች። መሪውን እንደያዘች ቀረች።

«ሶ ማሚ፣ በእኔ ምክንያት ነው?»

«አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

«አውቃለሁ። አንቺ ተናገርሽ፣ እኔ ተኛሁ። ያደረገው እሱ ብቻ ነው።»

እስክንደርስ ሌላ ቃል አልተናገረችኝም።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ሰው አለ። ከፓርኪንግ አብረውት የሠሩ፣ ታክሲ ነጂዎች፣ የሽማግሌው ጎረቤቶች። የምትቀዳው የሽማግሌው የእህት ልጅ ናት፤ በርባንክ ከተማ በፊልም ድምፅ ሥራ ፀጉሯ የሸበተ ሴት። ስልክ አስጠፋች። የለስላሳው ማቀዝቀዣ እምም ይላል ብላ ከሶኬቱ አስነቀለች። ሁለት ወንበር፣ ሁለት ማይክ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጇን አነሣች።

ባሌ ጊታሩን አቅፎ ቆጠረ። «አንድ፣ ሁለት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።» ሁልጊዜ በአማርኛ ነው የሚቆጥረው፤ ሽማግሌውም የሚገባው በአማርኛ ነው።

የመጀመሪያው ዘፈን ሽማግሌው ፌርፋክስ ላይ ስለተለጠፈበት የፓርኪንግ ቅጣት ትኬት ራሱ የሠራው ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ የአንዱ ታክሲ ነጂ እናት እልል አሉ። ቀጂዋ ደንግጣ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አነሣች። ሽማግሌው ሲጨርስ በማይኩ «ተዪው፣ ድምፃቸው ከሃርሞኒካዬ ጋር ገጥሟል» አላት። ሰው ሳቀ። ባሌም ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ። ሳሉ እስኪያልፍ ሁላችንም ጠበቅን።

ሙዚቃውን ማድነቅ አልችልበትም። የማውቀውን ብቻ ልጻፍ። ሽማግሌው ትንፋሽ ሲያጥረው ባሌ ጣቱን ያዘገይለታል፤ ባሌን ሕመሙ ሲይዘው ሽማግሌው ሃርሞኒካውን ያስረዝምለታል። አንዱ የሌላውን ድካም ይሸፍናል። የተቀመጠው ሰው ይህን አያይም። እኔ አየሁ።

መሐል ላይ ዕረፍት ሆነ። ልጄ ሄዳ ከወንበሩ ሥር ቁጢጥ አለች። የውሃውን ጠርሙስ ይዤ አጠገባቸው ነኝ።

«አባዬ፣ ማሚ ነገረችኝ።»

«ምነው ለሬድዮ አልነገረችው» አላት።

«ፕሊስ፣ ለእኔ ዝፈንልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ምንም አልሆንም።»

ጉንጯን በጣቱ ነካ። ጣቱ ከክሩ የተነሣ ጠንክሯል።

«አንቺ አለሽ አይደል?»

«አለሁ።»

«በቃ እኮ።»

ተነሥታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ስታልፍ እጄን ያዘችኝ፤ ከመኪናው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

የመጨረሻው ዘፈን ደረሰ። ቆጠረ። ሽማግሌው ሁለት ዙር ዘፈነ። ከዚያ ሃርሞኒካውን በመዳፉ ሸፍኖ ከማይኩ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ።

ጊታሩ ብቻውን ቀረ። ባሌ ቀና ብሎ ወዳጁን አየው። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኗል። የባሌ አፍ ተከፈተ። አየሁት፤ ከማይኩ ጋር አንድ ስንዝር አይራራቁም። ልጄ እጄን ጨብጣ ይዛለች። እመቤቴ እያልኩ ነው፤ አስዘፍኚው ልበላት አጽኚው ልበላት አላውቅም። የመጀመሪያው ስንኝ ቦታ አለፈ። የሁለተኛው አለፈ። በሦስተኛው አፉን ዘጋ። ጎንበስ አለ፣ ጣቱ ሥራውን ቀጠለ፣ ዙሩ አለቀ። ሽማግሌው ገብቶ ዘፈኑን ጨረሰው።

ሰው ማጨብጨብ ከመጀመሩ በፊት ባሌ ወደ እኔ ዞሮ «እስቲ ውሃ አቀብዪኝ» አለ። «እሺ» አልኩ። ጠርሙሱን ከፍቼ ሰጠሁት።

ለመለመን ሦስት ቀን ቀረኝ፤ ግን አልለመንኩትም። አልቆብኝ ነበር። አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ ስለ ምንም ነገር አወራን፤ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ አሮጊቷ፣ ስለ ልጃችን መኪና ጎማ። የሚናገረውን ሁሉ እሰማለሁ፣ ግን አንዱም በጆሮዬ አይቀርልኝም። ሰኞ ጠዋት አልጋውን እየገፉ ሲወስዱት አብረን ሄድን። በሩ ላይ እዚህ ቁሙ አሉን። ቀና ብሎ አየን።

«መኪናውን የት ፓርክ አደረጋችሁት? ትኬት እንዳይለጥፉባችሁ» አለ።

በሩ ተዘጋ። የመጨረሻው ይኸው ነው።

ዕጢው ወጥቷል። ባሌ አለ። አጥሚት ብቻ አይደለም አሁን፤ ሽሮ ይበላል፣ ይሄዳል፣ እሁድ ከወንዶቹ በኩል ይቆማል። ተመስገን። ይህን ስጽፍ ሌላ ቃል መጀመሪያ እንዲመጣ አልፈልግም። ግን ሕዝቡ ሲመልስ አሁንም እፈልገዋለሁ፤ የለም። ቤት ውስጥ ሲጠራኝ ጠረጴዛ ያንኳኳል። የሚለውን በትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል።

ከአንድ ወር በኋላ ቀጂዋ ደወለችልኝ።

«አልበሙን እያስተካከልኩ ነው» አለችኝ። «በዘፈኖቹ መካከል ትርፍ ድምፅ አለ። የባልሽ ቆጠራ፣ ሳል፣ ሳቅ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ይላል፣ አንዲት ሴት ትመልሳለች። አብዛኛውን ጊዜ እንቆርጠዋለን።»

«ምንም አትቁረጪ» አልኳት። «እባክሽ። በእመቤታችን።»

በእንግሊዝኛ «በእመቤታችን» ብዬ መናገር እንደማልችል አላስተዋልኩም፤ በአማርኛ ነበር ያልኩት። ገባት።

አልበሙ መጣ። ሥራ የሌለኝ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሎን ተቀምጬ እከፍተዋለሁ። «አንድ፣ ሁለት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።» ጊታሩ ሲገባ አቆምና ወደ መጀመሪያው እመልሰዋለሁ። እንደገና ይቆጥርልኛል። የሚቀጥለውን ዘፈን ቆጠራ እከፍታለሁ። እንዲህ እያደረግሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ፤ ከዚያ «እስቲ ውሃ አቀብዪኝ» የሚለውን። እሺ የምትለውን ሴትም እሰማታለሁ።

ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ሳደርግ ጠረጴዛው ተንኳኳ። ዞር ስል ባሌ ሰሌዳውን አንሥቶ ያሳየኛል።

«እስቲ አንድ ቀን እንኳ ዘፈኑን አስጨርሺው።»

አፈርኩ። የመጨረሻውን ዘፈን ከፈትኩና እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ቆጠረ። ጊታሩ ገባ። ሽማግሌው ሁለት ዙር ዘፈነና ዝም አለ። ባዶው ዙር ደረሰ።

የባሌ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

ድምፅ የለም። አንገቱ ላይ ካለው ቀዳዳ ትንፋሹ ብቻ ይወጣል። ከንፈሩ ግን ከጊታሩ ጋር እኩል ይሄዳል። ያን ቀን ሳይዘፍነው የቀረው ዙር ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ አላገኘሁትም። ያንኑ ሲደግመው ለየሁት፤ የልጃችን ስም አለበት፣ ውሃ የሚል አለበት። ሦስተኛውን፣ መልሱን፣ ከከንፈሩ ማንበብ አቃተኝ።

ሽማግሌው ገባ፣ ዘፈኑ አለቀ። ሦስተኛውን እንዲጽፍልኝ ሰሌዳውን አንሥቼ ለባሌ ሰጠሁት። በእጅጌው ጠረገውና ባዶውን መለሰልኝ።